የሳል ሽሮፕ ለሳይነስ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ሳይነስ አለብኝ። ብርዱ ሲመጣ ግንባሬንና ጉንጬን ጨምድዶ ይይዘኛል፣ አፍንጫዬ ይታፈናል፣ ሌሊት አክታው በጉሮሮዬ ይወርዳል። የእህቴ ልጅ ከደሴ ጓይፈነሲን የሚባል ሽሮፕ ያለ ሐኪም ማዘዣ ገዝቶ ላከልኝ። ጎረቤቶቼ የሳል ነው ይሉኛል። ልውሰደው? የደም ግፊት መድኃኒትም እወስዳለሁ። (እናት፣ ከኩታበር)

መልስ፦ እትዬ፣ አብሽሩ። ሽሮፑ ክፉ አይደለም፤ ግን የሚጠብቁትን ያህል አይሠራም። ጓይፈነሲን የወፈረውን አክታ ያቀጥናል፤ የተመታ አብሽ ውሃ ሲጨመርበት እንደሚላላው ማለት ነው። አፍንጫ የሚታፈነው ግን በአብዛኛው ውስጡ ስለሚያብጥ ነው፤ እብጠቱን ደግሞ ይህ መድኃኒት አያጎድለውም። ለሳይነስ ይጠቅማል የሚለው ማስረጃም ደካማ ነው። ምናልባት በጉሮሮዎ የሚወርደውን ያቀልልዎ ይሆናል።

ከመቅመስዎ በፊት ግን ጠርሙሱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ያስነብቡ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። እዚህ ደሴ መድኃኒት ቤት ባንኮኒው ጋ ቆሜ የምሰማው «ያንን ቀዩን ሽሮፕ ስጠኝ» የሚል ነው፤ ቀለሙ ግን ምንም አይናገርም። ከጓይፈነሲኑ ጋር ፕሱዶኤፌድሪን ወይም ፊኒሌፍሪን የሚባል አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ካለበት ግፊት ከፍ ሊያደርግብዎ ስለሚችል አይንኩት፤ ይመልሱት። ጓይፈነሲን ብቻውን ከሆነ ለግፊትዎ አያሰጋም። አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊ ሊትሩ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። እንዲያ ከሆነ ለአዋቂ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር በየ4 ሰዓቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2400 ሚሊ ግራም አይለፍ። በራሱ መለኪያ ይስፈሩ እንጂ በቤት ማንኪያ አይሁን። ውሃም በደንብ ይጠጡ። ከእርስዎ ተርፎ ለትንንሽ ልጆች እንዳይሰጥ አደራ።

እኔ ግን ከሽሮፑ ይልቅ አፍንጫዎን በጨው ውሃ ቢያጥቡ እመርጣለሁ። ውሃው የግድ ይፈላ፤ ያልፈላ ውሃ በአፍንጫ ገብቶ ለአንጎል የሚያሰጋ ተውሳክ ሊያስገባ ይችላል። እኛ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ስለሆነ ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ስለዚህ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ለብ ሲል በአንድ ኩባያ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ገደማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟበት። አጎንብሰው ራስዎን ወደ ጎን ዘንበል ያድርጉ፤ በአፍዎ እየተነፈሱ፣ መርፌ በሌለው ንጹሕ ሲሪንጅ በላይኛው ቀዳዳ ቀስ አድርገው ይልቀቁት፤ በሌላው ይወጣል። ጠዋትና ማታ ቢያደርጉት ጥሩ ነው።

ዳማከሴ ጨምቀው አፍንጫ ውስጥ የሚጨምሩ ብዙ ናቸው። ውስጡ የቆሰለ አፍንጫ ላይ ባይሞክሩት እመክራለሁ። ዕጣኑንስ? ቡናዎን ይጠጡ፣ የዕጣን ማጨሻው ግን ከእርስዎ ራቅ ይበል፤ ጭስ እብጠቱን ያባብሰዋል። አፍንጫ የሚከፍቱ ጠብታዎችም ቶሎ ያስደስታሉ፤ ከ5 ቀን በላይ ሲወሰዱ ግን መታፈኑን መልሰው ያባብሱታል፣ ለግፊትም አይመከሩም።

አሞክሳሲሊን ልግዛ እንዳይሉ ደግሞ፤ እሱ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ አብዛኛው የሳይነስ ሕመም ከጉንፋን ጋር የሚመጣ የቫይረስ ስለሆነ አይነካውም። ከ10 ቀን በላይ ሳይሻልዎት ከቆየ፣ ወይም ተሽሎዎት ነበርና እንደገና ከባሰ፣ ጤና ጣቢያ ይታዩ። በየዓመቱ ከብርዱ ጋር የሚመላለስብዎት ከሆነም አለርጂ ሊሆን ስለሚችል፣ ለእሱ ሌላ መድኃኒት አለውና ለሐኪሙ ይንገሩት። ዓይንዎ ዙሪያ ካበጠ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየዎት፣ ወይም አንገትዎ ግትር ብሎ ከባድ ራስ ምታት ከያዘዎት ግን እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ልጆቹን ቀስቅሰው በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ።