ከዜኦላይት የተሠራው አልትራማሪን ለምን አረንጓዴ ሆነ?

ጠያቂያችን፣ አልትራማሪን የተባለውን ሰማያዊ የቀለም ዱቄት ለመሥራት ዜኦላይት 4ኤን (በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነጭ የማዕድን ዱቄት) ከድኝና ከሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ጋር ፈጭተው ሲያግሉ ሰማያዊ ሲጠብቁ አረንጓዴ እንዳገኙ ገልጸው፣ ሙከራው ከሽፎ እንደሆነ ጠይቀዋል። አልከሸፈም፤ መንገዱን አጋምሰዋል። እኔም በቀለም ላቦራቶሪ በሠራሁባቸው ዓመታት የመጀመሪያዎቹን ክሩሲብሎች (ከፍተኛ ሙቀት የሚችሉ ማጋያ ዕቃዎች) ስከፍት ያገኘሁት ይህንኑ የባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ነበር።

ቀለሙን የሚሰጠው ዜኦላይቱ ሳይሆን በውስጡ የታሰረው ድኝ ነው። ዜኦላይት 4ኤ የተገነባው ሶዳላይት ከሚባለው ማዕድን ጋር አንድ ዓይነት ከሆኑ ጥቃቅን ቀፎዎች ሲሆን፣ የቀፎዎቹ በር እጅግ ጠባብ ስለሆነ በሙቀት ውስጡ የተፈጠረው የድኝ ስብስብ ተመልሶ አይወጣም። ሦስት የድኝ አቶሞች አንድ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይዘው ሲታሰሩ ሰማያዊ፣ ሁለት ሲሆኑ ቢጫ ይታያል፤ የእርስዎ አረንጓዴ የሁለቱ አብሮ መኖር ነው።

ቢጫውን ወደ ሰማያዊ ለመለወጥ ምድጃው ወደ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ አየር በጥቂት በጥቂቱ ማስገባት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ማጣት ዋጋ ያስከፍላል፤ እኔ አንድ ጊዜ ክዳኑን እንደጋለ ሳነሣው የተረፈው ድኝ በሰማያዊ ነበልባል ተቀጣጥሎ ጢሱ ጉሮሮዬን ዘጋው፣ የዱቄቱም የላይኛው ገጽ ገርጥቶ ቀረ። ስለዚህ ጢስ መሳቢያ በሌለበት ቤት ፈጽሞ አይሞክሩት። ዜኦላይቱንም አስቀድመው በደንብ ያድርቁት፤ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ውኃ ነው።

አልትራማሪንን በሰው ሠራሽ መንገድ ፈረንሳዊው ጊሜና ጀርመናዊው ግሜሊን እ.ኤ.አ. በ1828 ይፋ ካደረጉት ወዲህ የተለመደው ጥሬ ዕቃ ካኦሊን የተባለው ነጭ ሸክላ አፈር ነው። ዜኦላይቱን የምመርጠው ግን ቀፎዎቹ ተሠርተው የተዘጋጁ ስለሆኑ አነስተኛ ድኝ ስለሚበቃው፣ ወደ አየር የሚለቀቀውም የድኝ ጋዝ ስለሚቀንስ ነው።

የተገኘውን ሰማያዊ ዱቄት በሙቅ ውኃ ደጋግመው ይጠቡት እንጂ የቀረውን ሶዳ ለማጥፋት ብለው ኮምጣጤ ወይም ሎሚ አይጨምሩበት። አሲድ ቀፎውን ያፈርሰዋል፤ በማንኪያ ጫፍ በያዝኩት ዱቄት ላይ ጥቂት የሎሚ ጠብታ ባፈስስበት ወዲያው የገማ እንቁላል ሽታ ሸተተኝ፣ ሰማያዊውም ዓይኔ እያየ ነጣ።