ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቤት ልሂድ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምህንድስና 2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ላይ ሁለት ኮርስ አበላሸሁ። ከዚያ ወዲህ ክላስ መግባት አስጠላኝ፣ ዶርም ተኝቼ ነው የምውለው። ለማንም ሳልናገር ደሴ ቤተሰቦቼ ጋ ልሂድ እያልኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መሄዱማ ቀላል ነው። ሚኒባሱ ሐረጎን ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ያደርስሻል። መመለሱ ነው የሚከብደው። ዝም ብለሽ ከጠፋሽ ፋይናሉ ያመልጥሽና ኤፍ ይከመርብሻል፣ ለመመረቅ ደግሞ ጠቅላላ ውጤትሽ ቢያንስ 2.00 መሙላት አለበት። የግድ መውጣት ካለብሽ ጊዜው ሳያልፍ ሬጅስትራር ሄደሽ የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም ሙዪ። በደንቡ የወጣ ተማሪ ነው ኋላ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ጠይቆ የመመለስ ዕድል ያለው።

ግን እስቲ ቆይ። ሚድ እኮ የማርኩ ከፊል ብቻ ነው፣ ፋይናሉ ገና ነው። የፈተና ወረቀትሽን አይተሽዋል? መምህሩን «ላየው» በይውና ስህተትሽን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጊበት። አንዳንዴ ጉዱ ካልኩሌተሩ የአንግል መለኪያው በዲግሪ ፈንታ ራዲያን ላይ መሆኑ ነው፣ የምሬን ነው! ያልገባሽን ምዕራፍ ደግሞ ከሲኒየሮች አንዱ ቡና ጠጥታችሁ በአንድ ከሰዓት ሊያስረዳሽ ይችላል። ሲኒየር መለመን አያሳፍርም፣ እሱም በተራው ለምኗል።

ነገ ጧት ክላስ ግቢ። ከሰዓት አድቫይዘርሽ ጋ ሂጂ። መተኛቱ ካልለቀቀሽ የግቢው ክሊኒክም አለ። ማታ ለእናትሽ ደውዪና እውነቱን ንገሪያት።