መልስ፦ ከቦሌ ኤርፖርት ፒያሳ በምን ልሂድ?

ከጎንደር መጥተህ ማታ የምታርፍ ከሆነና ሻንጣ ከያዝክ በስልክ በሚጠሩት ታክሲዎች፣ በራይድ ወይም በፈረስ ሂድ። አፕ ባይኖርህም ችግር የለም፤ ራይድን በ8294፣ ፈረስን በ6090 ደውለህ ታዛለህ።

1. ስትደውል «የአገር ውስጥ መንገደኞች መውጫ ነኝ» በል። ዝም ብለህ «ኤርፖርት» ካልክ ሹፌሩ ዓለም አቀፉ ጋ ሄዶ ይጠብቅሃል።
2. መኪናው ብዙ ጊዜ ፓርኪንጉ ውስጥ ነው የሚቆመው፣ በሩ ድረስ አይመጣም። ከመግባትህ በፊት ታርጋውን ከተላከልህ መልእክት ጋር አስተያይ።
3. ሹፌሩ ጉዞውን ስልኩ ላይ ማስጀመሩን እይ። «ሰርዘውና በስምምነት እንሂድ» ካለህ እሺ አትበል፤ ከሰረዝከው ሒሳቡን የሚቆጥርልህ ነገር የለም።

ቀን ከሆነና ሻንጣህ ቀላል ከሆነ ሚኒባስ በጣም ይረክሳል። ከግቢው ወጥተህ ዋናው መንገድ ላይ ትይዛለህ፤ ቀጥታ ፒያሳ የሚል ካጣህ ስታዲየም ወርደህ ቀይር። ትልቅ ሻንጣ ካለህ ግን ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ሊጠይቅህ ይችላል፣ ሳትገባ ተነጋገር።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቅ፦ የድሮ ሰው በነገረህ ምልክት አትመራ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙው ሰፈር ፈርሷል፤ «እገሌ ካፌ ጎን» የተባልከው ቤት ዛሬ ላይኖር ይችላል። ለሹፌሩ አራዳ ጊዮርጊስን ወይም የዓድዋ ድል መታሰቢያን ንገረው፣ የሆቴሉንም ስልክ ወረቀት ላይ ጽፈህ ያዝ፤ ባትሪ ማለቁ አይቀርም።