ለጓሮ ዒላማ ስኮፕ ስትገዙ ቅርብ የሚያየውን ምረጡ

በውጭ አገር ጓሮ ያለው ቤት የያዙ ወገኖቻችን እየበዙ ነው። ከእነሱም መካከል ቅዳሜና እሁድ የአየር ጠመንጃ ይዘው ዒላማ መምታት የጀመሩ አሉ። ጥሩ መዝናኛ ነው። እጅን ያረጋጋል፤ ትንፋሽን መቆጣጠር ያስተምራል። እኔ ይህን ነገር ለዓመታት ስለወደድኩት፣ ስኮፕ (ጠመንጃ ላይ የሚገጠም አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ለመግዛት ያሰበ ሰው ይደውልልኛል። የሚጠይቁኝም ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ስንት እጥፍ የሚያጎላ ልግዛ?»

እኔ ደግሞ ማጉላቱን ለጊዜው ተዉት እላለሁ። ሻጩን «ከስንት ሜትር ጀምሮ ጥርት አድርጎ ያሳያል?» ብላችሁ ጠይቁት። ጓሮ ውስጥ የሚተኮሰው ከ10 እስከ 25 ሜትር ቢሆን ነው። ገበያ ላይ ካሉት የጠመንጃ ስኮፖች አብዛኞቹ ግን ከፋብሪካ የሚወጡት ለ100 ያርድ፣ ማለትም ለ91 ሜትር ገደማ ተስተካክለው ነው። ለ22 ካሊበር (ትንሽ ጥይት ለሚተኩስ የባሩድ ጠመንጃ) የተሠሩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ50 ያርድ። ጥሩ ገንዘብ አውጥቶ ስኮፕ ገዝቶ፣ ጓሮው ውስጥ ሲያይበት ዒላማው ጭጋግ የሚሆንበት ሰው ብዙ ነው። ስኮፑ ደህና ነው፤ የተሠራው ለሩቅ ስለሆነ ብቻ ነው።

ወደ ዕቃው ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ሕጉ ልንገራችሁ፤ ይህን ክፍል እባካችሁ ዘላችሁ አትለፉት። የአየር ጠመንጃ በአንዱ አገር እንደ ማንኛውም ዕቃ ይሸጣል፣ በሌላው ያስከስሳል። እንግሊዝ ውስጥ ኃይሉ ከ12 ፉት ፓውንድ (16 ጁል ገደማ) ያልበለጠ የአየር ጠመንጃ ያለ ፈቃድ ይያዛል። ስኮትላንድ ግን ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ፈቃድ ይጠይቃል። ጀርመን ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 7.5 ጁል ያለውና በአምስት ማዕዘን ውስጥ የተቀረጸ ምልክት ያለበት ነው፤ ያውም 18 ዓመት ለሞላው ሰው። አውስትራሊያ ውስጥ ለአየር ጠመንጃም ቢሆን ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። አሜሪካ በፌደራል ደረጃ የአየር ጠመንጃን እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጥረውም፤ ኒው ጀርዚ ግን ይቆጥረዋል። ከግዛቱ ሕግ በታች ደግሞ የከተማው ደንብ አለ። በከተማ ክልል ውስጥ ምንም ዓይነት ጥይት እንዳይተኮስ የሚከለክሉ ከተሞች ብዙ ናቸው።

ለእኛ ለስደተኞች ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥ በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ ባሩድ የሚጠቀም ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ በፌደራል ሕግ ክልክል ነው። ግሪን ካርድ ያለው መያዝ ይችላል። ነገር ግን በጦር መሣሪያ ጉዳይ ከተፈረደበት ግሪን ካርዱ አያድነውም፤ ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ከሆነ ጠበቃችሁን ሳታማክሩ ምንም ነገር አትንኩ። ሌላም አለ። አሜሪካ ያላችሁ የጠመንጃ ስኮፕ ለዘመድ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ወደ አብዛኛው አገር ይዞ ለመውጣት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስጦታ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም።

አሁን ወደ ስኮፑ።

ቅርብ ላይ የሚያስቸግረን ነገር ፓራላክስ ይባላል። ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን አረጋግጡና አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፉት። ስኮፑ ውስጥ የሚታየውን የማነጣጠሪያ መስቀል 15 ሜትር ላይ ባለች ነጥብ አሳርፉ። ከዚያ ጠመንጃውን ሳትነኩ ጭንቅላታችሁን ብቻ በትንሹ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ውሰዱት። መስቀሉ ከነጥቧ ላይ እየተንሸራተተ ሲሄድ ታያላችሁ። ጠመንጃው ንቅንቅ አላለም። የተንቀሳቀሰው ዓይናችሁ ነው። ጉንጫችሁ ሰደፉ ላይ በተኮሳችሁ ቁጥር ትንሽ በተለየ ቦታ ሲያርፍ፣ ጥይቱም በዚያው ልክ ይበታተናል። ስኮፑ ለ50 ያርድ የተስተካከለና የፊት ሌንሱ 32 ሚሊሜትር ከሆነ፣ በ15 ሜትር ላይ ስህተቱ ሲብስ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ይደርሳል። ለ100 ሜትር በተስተካከለ ባለ 40 ሚሊሜትር ስኮፕ በ10 ሜትር ላይ ሲሆን ደግሞ ወደ 2 ሴንቲሜትር ይጠጋል። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ዒላማው ከዳር እስከ ዳር 45.5 ሚሊሜትር፣ መሃሉ ላይ ያለችው አሥር ነጥብ የምታሰጠው ጠብታ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ናት። 2 ሴንቲሜትር ማለት እዚያ ላይ ምን እንደሆነ አስቡት።

ስለዚህ የምትፈልጉት ርቀቱን ራሳችሁ የምታስተካክሉበት ቀለበት ያለው ስኮፕ ነው። ቀለበቱ ከፊት ሌንሱ ዙሪያ ወይም በጎን በኩል ይሆናል። ላዩ ላይ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ከሁሉም የሚያንሰውን ቁጥር ፈልጉ። 10 ያርድ ካለ ለጓሮ ይበቃል። 25 ወይም 50 ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢያሞግሰው ተዉት።

ቀለበት የሌለው ስኮፕ ቀድሞ ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ አትጣሉት። ካርቶን በፊት ሌንሱ ልክ በክብ ቁረጡ፣ መሃሉን አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ብሱት፣ ሌንሱ ላይ አጥልቁት። ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ግን ዓይናችሁ የሚዋልልበት ቦታ ስለሚጠብ የፓራላክሱ ስህተት ያንሳል፣ ምስሉም ይጠራል። ቀን ላይ በ4 እጥፍ ለሚተኩስ ሰው በቂ ነው።

ማጉላቱን በተመለከተ 2-7×32 ወይም 3-9×32 የተጻፈበት አጭር ስኮፕ ለጓሮ ከበቂ በላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ከስንት እስከ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ የመጨረሻው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊሜትር ይነግራል። ትልቅ ሌንስ የሚያስፈልገው ጨለምለም ሲል ለሚተኩስ ሰው ነው። የሌንሱን ስፋት ለማጉሊያው ስታካፍሉት ወደ ዓይናችሁ የሚመጣውን የብርሃን ክብ ታገኛላችሁ። 32ን ለ8 ብታካፍሉት 4 ሚሊሜትር ነው፤ ቀን ላይ የዓይን ብሌን ከዚህ ብዙም አይሰፋም። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ጓሮ ውስጥ ክብደትና ከፍታ ብቻ ነው የሚጨምርላችሁ። ማጉላት በበዛ ቁጥር ደግሞ የእጃችሁም መንቀጥቀጥ አብሮ ይጎላል፣ ጥርት የሚለውም ርቀት ይጠባል።

ቀይ ነጥብ የሚያሳዩትን ማነጣጠሪያዎች የሚወዱ አሉ። ዓይናቸው አስቲግማቲዝም ያለባቸው ሰዎች ግን ነጥቡ ክብ ሆኖ አይታያቸውም፤ ይበተንባቸዋል። እንዲህ ከሆነባችሁ መስቀሉ መስታወቱ ላይ የተቀረጸበት ስኮፕ ይሻላችኋል።

ብዙ ሰው የማያውቀውና ገንዘቡን የሚያስበላው ሌላ ጉዳይ አለ። በርሜሉን ወደ ታች አጥፋችሁ የምታጎርሱት ባለ ስፕሪንግ የአየር ጠመንጃ ካላችሁ፣ ርግጫው እንደ ተራ ጠመንጃ አይደለም። ፒስተኑ ወደፊት ሲወረወር ጠመንጃው ወደ ኋላ ይራገጣል። ፒስተኑ መጨረሻው ላይ ሲቆም ደግሞ ጠመንጃው ወደፊት ይመታል። ይህ ሁለተኛው ምት ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራን ውድ ስኮፕ ሳይቀር ውስጡን ሊያላቅቀው ይችላል፤ ያ ስኮፕ የተሠራው አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲችል ነዋ። ማሸጊያው ላይ ለአየር ጠመንጃ መሆኑ በግልጽ የተጻፈበትን ግዙ። ስኮፑን ጠመንጃው ላይ የሚይዘው ማሰሪያም በምቱ ብዛት ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ፒን ያለው ይሁን። በታመቀ አየር የሚሠራ ጠመንጃ ያለው ሰው ይህ አያሳስበው፤ ርግጫው እምብዛም ነው።

ማሰሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት የጠመንጃችሁን ሐዲድ፣ ማለትም ማሰሪያው የሚገጠምበትን ቦታ፣ ለኩ። አብዛኞቹ የአየር ጠመንጃዎችና ብዙዎቹ ባለ 22 ካሊበሮች 11 ሚሊሜትር የሆነ ጠባብ ሐዲድ አላቸው። ፒካቲኒ የሚባለው ሰፊ ሲሆን 21 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የአንዱ ማሰሪያ ለሌላው አይሆንም። የስኮፑ ቱቦም 25.4 ወይም 30 ሚሊሜትር ስለሚሆን የማሰሪያው ቀለበት ከእሱ ጋር ይግጠም። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ በዲያጎናል ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። ከልክ ያለፈ ማጥበቅ ቱቦውን ያጎብጠዋል።

ቦታውን ስታዘጋጁ ከዒላማው ኋላ ምን እንዳለ ቀድማችሁ እዩ። 22 ካሊበር ጥይት እስከ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቤት በቤት በሆነ ሰፈር ጓሮ ውስጥ አይታሰብም፤ የተኩስ ሜዳ ሂዱ። ለአየር ጠመንጃም የእንጨት አጥር ከለላ አይሆንም። ወፍራም ሣጥን ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቀዳዳ የሚደፍኑበትን ለስላሳ ፑቲ ጠፍጥፉበት፤ የእርሳሱን ጥይት ውጦ ያስቀራል። የብረት ድቡልቡል ጥይት ጠንካራ ነገር ላይ ነጥሮ ወደ ተኳሹ ስለሚመለስ እኔ ጨርሶ አልመክረውም። የዓይን መከላከያ ለሁሉም፣ ለተመልካቹም ጭምር። ከተኩስ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት።

ጎረቤቶቻችሁንም ቀድማችሁ አነጋግሩ። የአየር ጠመንጃ ከሩቅ ሲታይ ከእውነተኛው አይለይም። ባለ ስኮፕ ጠመንጃ የያዘ ሰው በአጥር ቀዳዳ ያየ ሰው ፖሊስ ቢጠራ አልፈርድበትም። የኛን መልክ የያዘ ሰው ላይ ደግሞ ፖሊሱ ሲመጣ ልቡ ተረጋግቶ ላይመጣ ይችላል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፣ የሚናፍቋችሁ ልጆች ስላሏችሁ ነው። ጠመንጃውን ከቤት ወደ ጓሮ በሽፋኑ ውስጥ አድርጋችሁ ውሰዱት። በስኮፑ የጎረቤት መስኮትም፣ ሰውም፣ ውሻም አትዩ። ማየት ካማራችሁ ባይኖኩላር ግዙ። ሲያበቃ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ሁሉ ነገር ከተሰናዳ በኋላ መጀመሪያ የዓይን መመልከቻውን ጫፍ አስተካክሉ። ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥሩ እንጂ ወደ ፀሐይ በፍጹም አትዙሩ። ለአፍታ እዩ፣ ዓይናችሁን አንሱ፣ አዙሩ፣ መልሳችሁ እዩ። አፍጥጣችሁ ከቆያችሁ ዓይናችሁ ራሱ ብዥታውን ይለምደውና ያታልላችኋል። መስቀሉ ጥቁርና ስል ሲሆን በቃ፣ ሁለተኛ አትንኩት።

ከዚያ በምትተኩሱበት ርቀት ዜሮ አድርጉ፤ ማለትም ጥይቱ መስቀሉ ያረፈበት ቦታ እንዲመታ አስተካክሉ። ሦስት ወይም አምስት ጥይት አንድ ቦታ ላይ ተኩሱና የክምችቱን መሃል ከነጥቧ ጋር አመዛዝኑ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስኮፑ ተበላሸ ብሎ ይመልሳል። ምክንያቱ ክሊኩ ነው፤ ማለትም የስኮፑ ማስተካከያ ሲዞር ቀጭ የሚልበት እያንዳንዱ እርምጃ። ላዩ ላይ ሩብ ኤም ኦ ኤ (1/4 MOA፣ የማዕዘን መለኪያ) ከተባለ አንዱ ክሊክ በ100 ሜትር ላይ 7 ሚሊሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ በ10 ሜትር ላይ ግን 0.7 ብቻ። አንድ ሴንቲሜትር ለመውሰድ 14 ክሊክ ገደማ ያስፈልጋል። አራት ክሊክ አዙራችሁ ምንም ባታዩ አትደንግጡ፣ ጨምሩ። ስኮፑ ከአፈሙዙ በላይ 4 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ፣ በ25 ሜትር ያስተካከላችሁት ጠመንጃ በ10 ሜትር ላይ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ይመታል። ርቀቱን ከቀየራችሁ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ በወረቀት ላይ ጻፉና ሰደፉ ላይ ለጥፉት። ከመጀመሪያው ቀን ተኩስ በኋላ ብሎኖቹን ዳግመኛ ፈትሹ፤ የላላ ካገኛችሁ አጥብቃችሁ እንደገና ዜሮ አድርጉ።