ምጣዱ ብሬከሩን ለሚጥልበት የአዳማ ቤት
በወላጆችዎ የአዳማ ቤት ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ብሬከሩ ስለሚወርድ፣ ባለ 16 አምፔሩን በ32 መቀየር ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይበቃም፤ እንዲያውም አደጋውን ያባብሰዋል። ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ለመጠበቅ ነውና፣ በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ 32 ከተገጠመ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ብሬከሩ ዝም ይላል። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ ሌላ ሶኬት የማይጋራው ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ መስመር ከ20 አምፔር ብሬከር ጋር ይዘርጉለት።

ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ አፈር የሚወስደውን የመሬት መስመር ደግሞ አደራ፤ እኔ ቤት ሶኬቱ ሲፈታ ከመሬት ቀዳዳው ኋላ አንዳች ሽቦ አልነበረም። አፈሩ በበጋ ሲደርቅ መስመሩ የሚታሰርበት፣ አፈር ውስጥ የሚተከል አንድ የብረት ዘንግ ላይበቃ ስለሚችል፣ ባለሙያው በመሣሪያ ለክቶ እንደ አስፈላጊነቱ ሁለተኛ ይትከል፤ 30 ሚሊአምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ መከላከያም በብሬከሩ ሳጥን ውስጥ ይግባ።