«ቲቸር፣ በባድሚንተን እንጀራ ይበላል?»

ሰሞኑን አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይህን ጠየቀችኝ። የስፔኗ ባድሚንተን ተጫዋች ካሮሊና ማሪን ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ጉልበቷን ይዛ ስትወድቅ የሚያሳየውን ቪዲዮ በስልኳ አይታለች። «የዓለም ሻምፒዮን ሆና መጨረሻዋ ይሄ ከሆነ እኔ ምን አለፋኝ?» አለችኝ። እዚያው ቆሜ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለእሷም፣ እንደሷ ለምታስቡ የጅማ ልጆችም ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

እንጀራውን ላስቀድም። እዚህ አገር በባድሚንተን ብቻ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው እኔ አላውቅም። ትምህርታችሁን አትተዉ። ይህን ወላጆቻችሁም ስለሚነግሯችሁ አልደጋግመውም።

ጥያቄዋ ግን የቀሰቀሰብኝ ሌላ ነገር ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አንዲት ልጅ አሠለጥን ነበር። ሜዳችን ሲሚንቶ ነው፣ መረቡ የሚወጠረው በሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች ላይ ነው። ላባ ያላት ሸትልኮክ (በራኬት የምንመታት ቀላል ኳስ) ውድ ስለሆነች የምንጫወተው በፕላስቲኳ ነበር። ሱቅ የሚገኘው ደግሞ ባለ ቀይ ቀለበቷ ብቻ። ቀይዋ ፈጣን ናት፤ ለቀዝቃዛ አገር የተሠራች ናት። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሸትሏ እንደልቧ ትበራለች። ለእኛ የሚስማማን ዘገምተኛዋ፣ ባለ አረንጓዴዋ ነበረች። ከየት ይምጣ? ልጆቹ ሁሉ ጠንከር አድርገው በመቱ ቁጥር ከመስመር ውጪ ይወጣባቸዋል።

እሷ ግን ከዚያ ችግር ጥበብ አወጣች። በኃይል አትመታም። ክንዷን ለስማሽ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች በኃይል ለሚመታው ምት፣ ከፍ አድርጋ ታነሳለች፣ ተጋጣሚዋ ወደ ኋላ ትሸሻለች። እሷ የመጨረሻዋ ቅጽበት ላይ የእጇን አንጓ ብቻ እጥፍ ታደርጋለች። ሸትሏ መረቡን ታክካ እዚያው ጠብ ትላለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። እኔ ራሴ አሁንም አልችለውም።

ያኔ ነጥብ የሚቆጠረው ሰርቭ (የማስጀመሪያውን ምት) ለያዘ ብቻ ነበር፣ የሴቶች ነጠላ በ11 ያልቃል። ዛሬ በ21 ነው፣ ማንም ሰርቭ ቢመታ ኳሱን ያሸነፈ ነጥብ ያገኛል። በድሮው ሕግ ትዕግሥተኛ ሰው ይጠቀም ነበር፤ እሷም ትዕግሥተኛ ነበረች።

አዲስ አበባ ለውድድር ልንሄድ ጥቂት ሲቀረን ጠዋት ዘነበ። ሲሚንቶው የደረቀ ይመስላል እንጂ አልደረቀም። ዘልላ በአንድ እግሯ አረፈች፣ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። «አንድ ነገር ሲበጠስ ሰማሁ» አለች። ምሽቱን ጉልበቷ አበጠ። እናቷ ወጌሻ ዘንድ ወሰደቻት፣ ታሸች፣ ታሰረች። ሐኪም ዘንድም ሄዳ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷት ዕረፊ ተባለች። ከሳምንታት በኋላ እብጠቱ ጎደለ፣ መራመድም ጀመረች፣ ሁላችንም እፎይ አልን። ሜዳ ገብታ ዞር ስትል ግን ጉልበቷ ከዳት። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ከዳት።

አንድ ቀን ራኬቱን መለሰችልኝ። መያዣውን በአዲስ ፕላስተር አሳምራ ጠቅልላዋለች። «ለሌላ ልጅ ይሁን» አለች። የሚቆጨኝ ውድድሩ አይደለም። የተበጠሰ የጉልበት ጅማት በቀዶ ሕክምና እንደሚተካ፣ ከዚያም በወራት ልምምድ ሰው ወደ ሜዳ እንደሚመለስ የነገራት አንድ ሰው አልነበረም። በኛ ከተማ ያኔ ጉልበት ከተጎዳ አለቀ ማለት ነበር። ዛሬ ሂርማታ ገበያ አልፎ አልፎ አገኛታለሁ። ልጆች አሏት፣ ኑሮዋ ደህና ነው። ስለ ባድሚንተን ግን አንሥተን አናውቅም።

አሁን ወደ ማሪን ልመለስ። ስፔን የእግር ኳስ አገር ናት፤ ባድሚንተን ደግሞ የእስያዎች ነበር። ማሪን ሁኤልቫ ተወልዳ ልጅ ሳለች ፍላሜንኮ ትደንስ ነበር። በ14 ዓመቷ ለባድሚንተን ብላ ከቤተሰቧ ተለይታ ማድሪድ ገባች። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ በሕንዷ ፒ.ቪ. ሲንዱ ከሦስቱ ጨዋታዎች የመጀመሪያውን 21 ለ19 ተሸነፈች፤ ቀጣዮቹን 21 ለ12 እና 21 ለ15 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። በ2019 መጀመሪያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፍጻሜ ላይ 10 ለ4 እየመራች የቀኝ ጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ቻይና ኦፕንን አሸነፈች! በ2021 ደግሞ ግራው ተበጠሰ፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ቀረባት። ተመልሳ በ2024 ፓሪስ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። የቻይናዋን ሄ ቢንግጂያዎን 21 ለ14፣ ቀጥሎም 10 ለ6 እየመራች ነው ያ ያየሽው የሆነው። ቪዲዮሽ ላይ ምናልባት የተቆረጠው ይሄ ነው፦ ጉልበቷን አስራ ተነሥታ ሁለት ነጥብ ተጫውታለች።

ልጄ፣ አንቺ አንዱን መውደቅ አየሽ። እኔ የማየው ሁለቱን መመለሶች ነው። የእኔዋ ልጅ አንዴ እንኳ የመመለስ ዕድል አላገኘችም።

ትምህርት አትተዉ ብያለሁ። ሆኖም በግማሽ ልብ ሻምፒዮን የሆነ ሰው አላየሁም። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቅ አላውቅም፤ ሁለቱም ግን እውነት ናቸው።

የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ የምታዩት ስማሽ ብቻ ነው። ሜዳ ስትገቡም ስማሽ ካልመታን ትላላችሁ። የእግር አጣጣል ልምምድ ሲባል ፊታችሁ ይጠቁራል። ጉልበትን የሚያድነው እኮ እሱ ነው። ስትዘልሉ በሁለት እግር፣ ጉልበት ለስለስ ብሎ ታጥፎ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ ማረፍን ተለማመዱ። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አትጫወቱ፤ አሠልጣኝ ቢያዛችሁም እምቢ በሉ። ጉልበታችሁ ካበጠ በዕለቱ ቅዝቃዜ አድርጉበት፣ ማንም እንዳያሸው። ዞር ስትሉ የሚከዳችሁ ከሆነ «ዕረፉ» ተብላችሁ አትመለሱ። የአጥንት ስፔሻሊስት ጠይቁ፣ ፊዚዮቴራፒ ጠይቁ። ወላጆችም እባካችሁ አብራችኋቸው ሂዱ።