ጠይቁኝ፦ የአሜሪካ ግዛት ፖሊሶች ምልምሎቻቸውን እንዴት ሲያሠለጥኑ ኖሩ?

የአሜሪካ ግዛት ፖሊሶችን ታሪክ ለዓመታት ሳነብ ቆይቻለሁ፤ በተለይ የፔንሲልቬንያንና የኒው ጀርሲን። ስለ ምልምሎች ሥልጠና የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ጥያቄዎቻችሁ ደርሰውኛል። ዘመኑ ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው የግዛት ፖሊስ የቱ ነው? ምን አስፈልጎ ተቋቋመ?

መልስ፦ ቴክሳስና ማሳቹሴትስ ቀደም ብለው የየራሳቸው ኃይል ነበራቸው። የደንብ ልብስ ለብሶ መላውን ግዛት የሚጠብቅ፣ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ፖሊስ ግን የተጀመረው በፔንሲልቬንያ ነው። አገረ ገዢው ሳሙኤል ፔኒፓከር ሕጉን የፈረሙት ሜይ 2 ቀን 1905 ነው። ከዚያ በፊት በድንጋይ ከሰል አካባቢዎች ጸጥታ አስከባሪው «የከሰልና የብረት ፖሊስ» ነበር። ደመወዙን ኩባንያው ይከፍላል፣ ሥልጣኑን መንግሥት ይሰጣል፤ ኩባንያዎቹም የእያንዳንዱን ጠባቂ የሥልጣን ወረቀት በ1 ዶላር ይገዙ ነበር። በ1902 ወደ 140,000 የሚጠጉ ከሰል ቆፋሪዎች ለአምስት ወራት አድማ ሲመቱ የዚህ አሠራር ጉድ ለአገር ሁሉ ተገለጠ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ምልምሎች የሠለጠኑት የት ነው?

መልስ፦ ትምህርት ቤት አልነበራቸውም! እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ሕጉ የፈቀደው 228 ሰው ብቻ ነው፤ አራት ምድብ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሻምበል፣ አንድ መቶ አለቃ፣ አምስት ሳጅንና 50 ተራ ፖሊስ። ዋና አዛዡ ጆን ግሩም ራሱ የፊላደልፊያ ፈረሰኛ ክፍል ሻምበል ነበር። አርአያ ፍለጋ አየርላንድ ድረስ ሄዶ የንጉሣዊውን የአየርላንድ ኮንስታብል ኃይል አሠራር አጥንቶ ተመለሰ። ያ ኃይል በጦር ሰፈር እየኖረ፣ መሣሪያ ታጥቆ ገጠሩን የሚቆጣጠር ነበር። ግሩም የቀጠራቸውም በብዛት ከጦር ሠራዊቱ የተሰናበቱ፣ ኮርቻና ጠመንጃ የለመዱ ሰዎች ናቸው። የቀረውን ምልምሉ እዚያው በተመደበበት ካምፕ ከሳጅኑ ይማራል፦ ፈረስ መንከባከብ፣ ተኩስ፣ ሰልፍ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ሕግ።

ይህ አሠራር ጥሩ ፈረሰኛ አፍርቷል። ችግሩ ግን ወታደር የነበረን ሰው ወታደር የነበረ ሰው ሲያሠለጥነው፣ አድማ መትቶ ከፊቱ የቆመውን ሠራተኛ እንደ ጠላት ከማየት የሚመልሰው ትምህርት ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ሠራተኞቹ «ኮሳክ» ይሏቸው ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ኮሳክ የሩሲያ ንጉሥ ሕዝብ የሚበትንበት ፈረሰኛ ጦር ነው። ከቆፋሪዎቹ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ ስለነበሩ ፈረሰኛ በሕዝብ ላይ ሲለቀቅ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ከሬዲንግ ከተማ የወጣው የሠራተኛ መሪና የሕዝብ ተወካይ ጄምስ ሞረር የሠራተኛውን አቤቱታ ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟል። በሌላ በኩል ፖሊሶቹ በገጠር ሌባና ነፍሰ ገዳይ በማሳደድ የገበሬውን ምስጋና አግኝተዋል፤ ይህንንም መካድ አይገባም። ሁለቱንም ሥራ የሠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቱስ መቼ መጣ?

መልስ፦ በ1920፣ ኒውቪል በምትባል ትንሽ ከተማ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኸርሺ ተዛወረ፤ አዎ፣ የቸኮሌቷ ከተማ። እዚያ ምልምሎች ሲያድሩበትና ሲማሩበት የኖሩት ቀድሞ ሆቴል በነበረ ሕንፃ ሲሆን፣ አሁን ያለው አካዳሚ የተከፈተው በ1960 ነው። መኪና ሲበዛ በ1923 ለብቻው የአውራ ጎዳና ፖሊስ ተቋቁሞ ነበር። ሁለቱ በ1937 ተዋሃዱ።

ጥያቄ፦ የኒው ጀርሲ ሥልጠና እጅግ ከባድ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ያህል?

መልስ፦ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ1921 ወደ 1,600 ሰው አመለከተ፤ ከዚህ ውስጥ 116 ተመርጠው በባሕር ዳርቻዋ ሲ ገርት ካምፕ ገቡ። ለሦስት ወር ያህል ሠልጥነው የጨረሱት 81 ናቸው። የሚያሠለጥናቸው ኖርማን ሽዋርዝኮፍ የዌስት ፖይንት ጦር አካዳሚ ምሩቅ ነው፤ ዕድሜው ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበር። በዲሴምበር መጀመሪያ፣ በከባድ የበረዶ ወጀብ፣ አንዳንዱ በፈረስ አንዳንዱ በሞተር ብስክሌት ወደየምድብ ቦታቸው ወጡ። ከፔንሲልቬንያ የሚለየው ይህ ነው፦ ማንም ምድብ ቦታው ሳይረግጥ ሁሉም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው እጅ፣ አንድ ዓይነት ትምህርት ወስደዋል። እኔ ይህን ትልቅ እርምጃ እለዋለሁ፤ ወታደራዊ መንፈሱ ግን እንዳለ ነው።

ሰውየው በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ኢራን ተልኮ የዚያን አገር ጃንደርሜሪ፣ ማለትም ገጠሩን የሚጠብቀውን የታጠቀ ፖሊስ፣ አደራጅቷል። በ1991 የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት የመሩት ጄኔራል ልጁ ናቸው፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

ጥያቄ፦ ሴቶችስ?

መልስ፦ እጅግ ዘግይተው! በፔንሲልቬንያ አካዳሚ የገቡት በ1971 ሲሆን በቀጣዩ ዓመት 14 ተመረቁ። ኒው ጀርሲ በ1980 ለሴቶች ብቻ አንድ ኮርስ ከፍታ 30 አስመርቃለች። ጥቁሮችም ያለ ክርክር አልተከፈተላቸውም። በፔንሲልቬንያ ፖሊስ ላይ የቅጥርና የዕድገት አድልዎ ክስ ቀርቦ፣ በ1974 ጉዳዩ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው መልክ የያዘው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ከእኛ አገር ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ የሚያገናኘው አየርላንድ ነው። ግሩም ያጠናው፣ እንግሊዝ በአየርላንድ ያቆመችው ኃይል ለእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ፖሊሶችም አርአያ ነበር፤ ከ1907 ጀምሮ የቅኝ ግዛት ፖሊስ መኮንኖች ደብሊን ሄደው እዚያ ይሠለጥኑ ነበር። በ1942 ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋለችው ስምምነት ደግሞ የፖሊስ ኮሚሽነሩና መኮንኖች ከእንግሊዝ እንዲመጡ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የፖሊስ አዋጅ ወጣ። ስለዚህ በካምፕ የሚኖር፣ በሰልፍ የሚታነጽ፣ ለማዕከል የሚታዘዝ ፖሊስ ወደ ፔንሲልቬንያም ወደ አዲስ አበባም የደረሰው ከተቀራረበ ምንጭ ነው።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ ፊላደልፊያ ነው ያደገው፤ ለግዛት ፖሊስ ማመልከት ይፈልጋል። ኮሌጅ አልጨረሰም። ዕድል አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ እህቴ! ፔንሲልቬንያ ትጠይቀው የነበረውን የኮሌጅ ትምህርት በ2023 አንስታለች፤ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ይበቃል። ግሪን ካርድ ግን አይበቃም፤ ዜግነት ያስፈልጋል። መንጃ ፈቃድም ይኑረው። አካዳሚ ሲገባ 21 ዓመት የሞላው፣ 40 ያልደፈነ መሆን አለበት። እዚያው ኸርሺ እያደረ ስድስት ወር ያህል ይማራል፤ ደመወዝም ከመጀመሪያው ይከፈለዋል። ከአሁኑ ሩጫ ይጀምር።